ትርፍ ቀዳዳ

ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ቡሬ፣ ከመናኸሪያው ማዶ፤
ስንት የሙሽራ ኮት በመቀሴ ተቀዶ፣
በሲንጀሬ ተሰፍቶ፣ በካውያ ተተኩሶ፣
ከዚህች ሱቄ ወጥቷል ትከሻ ላይ ነግሦ።

ባንቺአምላክ ልጄ ወደ አምስት ስትጠጋ፣
ፊደል ገዝቼላት ለጠፍኩ ከአልጋዋ ጋ።
ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ወረደች ያለ አንዳች እንቅፋት፤
መቶም ድረስ ቆጠረች (ሠላሳ ሰባት
ሁልጊዜ ትጠፋለች፣ የት እንደምትገባ እንጃ)፤
ለደንበኛው ሁሉ፣ ለአባትነቴ ማስረጃ፣
ቁሚ፣ አንብቢ አልኳት።
እጇን በአናቷ አዙራ ጆሮዋን ስትነካ፣
እኔንም አባቴ በዚህ ነበር የለካ፣
«ደርሳለች!» አልኩ ለእናቷ፤ ሰኔ ግም ሲል ማለዳ
ለምዝገባ ወሰድኳት፣ በዚያ በጭቃ ሜዳ።

መምህርት ጥጌ ግን ፊደል አልጠየቀች፤
ቁጥርም አላነሣች፣ ጆሮም አላየች፤
በርከክ ብላ ብቻ «ስምሽ ማነው?» አለች።
ልጄ ከሱሪዬ ኋላ ተሸሸገች።
እኔው ተናገርኩላት።
                  «እሷን ነው» አለችኝ።

«ኮትሽን አውልቂ። ጎሽ። በይ ደግሞ ልበሺ።»
ለበሰች። ከዚያ ቆመች፤
አገጯን ቀና አድርጋ፣ እጆቿን ዘርግታ፣
እንደ ሁልጊዜው እኔን፣ የእኔን ጣት ጠብቃ።
ጣቴም ሳላዝዘው ሮጦ ደረሰና
አምስቱን ቁልፍ ዘጋ፣
                  ዓይን ሳይርገበገብ ገና።

ጥጌ ሳቀች እንጂ አልተቆጣችኝም፦
«አባቷ፣ ፈጣን ነህ፤ እሱን አልክድህም፤
ግን እኔ ጋ ያሉት አርባ ሁለት ናቸው፤
አርባ ሁለት ልብስ ሰፊ ከየት ላምጣላቸው?
ፊደሉን ለእኔ ተወው፣ እንጀራዬ ነው እሱ፤
ልጆች ሌላ ስንቅ ነው ይዘው የሚደርሱ።
ሽንቷ ሲመጣ ትንገረኝ፣ እጇን ትታጠብ፣
ሌላ ልጅ ሲያወራ ታድምጥ፣ ብቻዋን ትመገብ፣
ተራዋ እስኪደርስ ትቁም። ስትሄድ ብታለቅስ
ግድ የለም፤ አንተ ግን ወደ አጥሩ ቀዳዳ አትመለስ።»

ከተረፈ ካኪ ላይ አምስት ቁልፍ ተከልኩ፣
አምስት ቀዳዳ ከፈትኩ፣ ጠርዙን ዘመዘምኩ፤
«በይ» አልኳት። ሐምሌ ውጭ ቆርቆሮ ይደልቃል፤
ቁልፉ ገባ ሲሉት በጎን ሾልኮ ያመልጣል፤
ትጥለዋለች፣ ትነድዳለች፣ ታነሣለች መልሳ፤
እኔ እጄን ከጭኔ ሥር ቀብሬ እንደ ሬሳ፣
ሩብ ሰዓት!
          አንድ ሙሉ ሱሪ በዚህ ጊዜ እጨርሳለሁ፤
ዝም ብዬ አያለሁ።

ማታ የቁልፍ ጣሳውን ምንጣፍ ላይ ዘርግፈን፣
ባለ ሁለት ዓይኑን ከባለ አራት ለይተን፣
ጥቁሩን ከጥቁር ጋር፣ ዛጎሉን ለብቻ፤
እናቷ ከጓዳ «ይኼ ነው ትምህርቱ?» ብላ በስላቅ ብቻ።
አንድ ቀን የጎረቤት ልጅ ይርሳው ጣሳውን ነጠቀ።
ዓይኗ ወደ እኔ መጣ። ዓይኔ ግን ጨርቁን አልለቀቀ።
ቆይታ፣ ቆይታ፣
«ይርሳው፣ የእኔ ተራ ነው» አለች፤ ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል።
ይርሳውም አሰበበት። የተነጠቀ ይመለሳል፣
አንዳንዴ።

ደመናው ከዳሞት ሸሸ። መስከረም፣ ሰኞ ጠዋት፣
ደጁ ላይ ያቺው መምህር ስሟን ጠየቀቻት።
«ባንቺአምላክ ይሁኔ!» ብላ አንባረቀች፤
ኮቷንም እሷው ራሷ ቆልፋ ነው የመጣች፤
ግን አንድ ቀዳዳ ዘላ! አንዱ ጎን ወርዶ፣
አንዱ ወደ አንገቷ እንደ ቀንድ ተሰድዶ፣
ከላይ ትርፍ ቀዳዳ፣ ከታች ትርፍ ቁልፍ፤
የልብስ ሰፊ ልጅ! በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ስታልፍ!
ጣቴ ተነሣ። አወቅሁበት። ይዤ ኪሴ ከተትኩት፤
ያንን የተጣመመ ኮት በዓይኔ ብቻ ሸኘሁት።
ዞርም አላለች።

ወደ አጥሩ ቀዳዳ አልተመለስኩም
(አንዴ ብቻ፤ እሱም ቢሆን ብዙ አልቆየሁም)።
ሱቄን ከፍቼ የሰው ኮት ጉልበቴ ላይ ጣልኩ፤
ክሩን በምራቄ አሾልኩ፣ መርፌዬን ከፍ አደረግኩ፤
እስከ ሻይ ሰዓት ድረስ
ያቺን ትንሽ ቀዳዳ ሳትኩ፣ ደግሞም ሳትኩ።